ዛንዛሪና ለሩሲያውያን ስትሞት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1913 እ.ኤ.አ.

ዛሬ ከመሰላል ወደቅሁ። የዱቄት ጆንያ ውስጥ በአናቴ ተተከልኩ። ፍየል ነከሰችኝ። ተራ ቀን ነበር።

ፍየሏ እንኳ በታሪኩ ውስጥ የመንከስ ድርሻ አልነበራትም... ከራሷ ነው ያመጣችው። ዳይሬክተራችን ሲኞር ቴዚዮ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። «ትቆይ፣ አነካከሷ ጥሩ ነው» አለ። እሱ ምን አለበት? ነገም ልትነክሰኝ ነው ማለት ነው።

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ አባባ ያው ወንበራቸው ላይ፣ ያቺው የቬርሙት ወይን ብርጭቆ እጃቸው ላይ። «ቢሮ እንዴት ዋለ?» «ደህና ዋለ፣ አባባ።» ፀጉሬ ላይ እኮ አንድ ዳቦ የሚወጣው ዱቄት አለ። ቅንድቤ ነጭ መሆኑን አዩና ጋዜጣቸውን ገለጡ።

ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ናት» ብለዋል። መላ ቱሪን ውስጥ እንደ እኔ ሰውነቷ የሚበልዝ ታይፒስት የት ትገኛለች? ፊቴ በየሲኒማ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። የሠፈር ልጆች «ዛንዛሪና! ትንኟ መጣች!» እያሉ በፊልም ስሜ እስከ ደረጃችን ድረስ ይከተሉኛል። ሁሉም ያውቃል። አባባም ሁሉም እንደሚያውቅ ያውቃሉ። እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ። ግን ቢሮ እንዴት ዋለ... ደህና ዋለ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9

ዝናብ። የስቱዲዮአችን ጣራ መስታወት ነው፤ ፀሐይ ከሌለች ሥራ የለም። ከነልብሳችን ተቀምጠን ደረቅ ዳቦ ስንቆረጥም ዋልን።

ካሜራማናችን ጋውዴንዚዮ ሥራ ሲፈታ ወሬ አያልቅበትም። የካሜራውን እጀታ በእጁ ነው የሚያዞረው፤ ልኩን እንዳይስት ደግሞ እያንጎራጎረ። ዛሬ ምስጢሩን ነገረኝ። እጁን አዘግይቶ ያነሳው ሰው ሸራው ላይ ሲታይ ይሮጣል። እጁን አፍጥኖ ያነሳው ግን በክብር ይራመዳል። «ተቃራኒ ነው እኮ» አልኩት። «ተቃራኒ ነው» አለ፣ ራሱ የፈጠረው ይመስል እየኮራ። ስለዚህ ለዶና ሊዮኒልዳ፣ ለስቱዲዮው ትልቋ የሐዘን ተዋናይት፣ ፈጠን ያለ የወታደር ማርሽ ያንጎራጉራል። ለእኔ እሹሩሩ።

ለካ ከጣራ በወደቅሁ ቁጥር እሹሩሩ የምሰማው ለዚህ ነው። እኔማ የሚያባብለኝ መስሎኝ ነበር...

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

ሩሲያዊው ፊልም ገዢ መጣ። ሌቪትስኪ ይባላል፣ ከኦዴሳ። ካፖርቱ ሰፊ፣ ሳቁ ጠባብ።

የሩሲያን ነገር ስቱዲዮው ለምዶታል። እኛ አገር ተመልካቹ መጨረሻው ላይ ሠርግ ይፈልጋል፤ እነሱ ለቅሶ። ስለዚህ አንዱ ፊልም ሁለት መጨረሻ ይነሳለታል። ዶና ሊዮኒልዳ ጠዋት ለእኛ ታገባለች፣ ምሳዋን ትበላለች፣ ከሰዓት በኋላ ለሩሲያውያን ትሞታለች። በዚያው የሠርግ ልብስ።

ለኮሜዲ ግን ይህን ያሰበ አልነበረም። ሌቪትስኪ የእኔን ፊልሞች አየ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ እንባውን ጠርጎ መጨረሻውን አሳዝኑልኝ አለ። ሕዝቡ ሊያለቅስ ነው አሉ የሚመጣው፤ ዓይኑ ደርቆ ቤቱ ከገባ እሱን ይረግመዋል።

ቴዚዮ ወደ እኔ ዞረ። «ኤርሲሊያ፣ ትሞቻለሽ።»

«መቼ?»

«የሚመጣው ሐሙስ። ፀሐይ ካለች።»

ልብስ አጣቢ የምሆንበት ፊልም ነው። በእኛው መጨረሻ ከሙሽራው ጋር የእጥበት ገንዳው ውስጥ እንወድቅና እንጋባለን። በእነሱ ግን... ሳምባ ነቀርሳ። ሙሽራው አበባ ይዞ ይመጣል፣ ዘግይቶ። እኔ፣ ዛንዛሪና፣ በቁም ነገር ልሞት! ልቤ ዘለለች።

ለአባባ ነገርኳቸው። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። «የዛሬ ሳምንት እሞታለሁ፣ አባባ።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «በምን?» አሉ። በሳምባ አልኳቸው።

«በሳምባ...» አሉ፣ የድሮ ወዳጁን ስም እንደሰማ ሰው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 11

አባባ ቀኑን ሙሉ አንጎራጎሩ። አባባ ማለት የድሮው የመድረክ ተዋናይ ኦታቪዮ ጋቬሎ ናቸው... በዚህ አገር ያልሞቱበት ከተማ የለም። በሰይፍ፣ በመርዝ፣ በእስር ቤት፣ በፍቅር። ሕዝቡ አሟሟታቸውን ሲወደው «ይደገም!» ይላል፤ እሳቸውም ይነሳሉ፣ እጅ ይነሳሉ፣ ተመልሰው ይሞታሉ። አንዴ ፓቪያ ላይ ሕዝቡ አልለቅም ብሎ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ሲነሱ ሲሞቱ አመሹ። ሌላው ልጅ አባቱን ከሥራ ሲገባ እያየ ያድጋል፣ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ሲሞቱ እያየሁ አደግሁ። መጀመሪያ አለቅስ ነበር። በኋላ ዳቦዬን እየገመጥኩ ማየት ጀመርኩ።

ሲኒማ የገባሁ ጊዜ ያሉኝን አልረሳም። ድምፅ የሌለው፣ ደም የሌለው፣ ጨርቅ ላይ የሚራወጥ ጥላ። ቁጣቸው ሲያልቅ ታይፒስት አደረጉኝ። እስከ ዛሬ አንድም ፊልሜን አላዩም። የሚያመኝ እሱ ነው፣ የፍየሏ ንክሻ አይደለም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 13

ከቅዳሴ መልስ አባባ ኮታቸውን አውልቀው የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ወደ ግድግዳው ገፉት። «ሙቺ እስቲ ልይ» አሉ።

ሞትኩ። ይሄ መንሸራተት ነው አሉ። እንደገና ሞትኩ። ይሄ ከጆንያ የወደቀ ድንች ነው አሉ። ሳል ከጉሮሮ አይደለም፣ ከጉልበት ነው የሚነሳው። እጅ ወደ ልብ ሲሄድ መንገዱ እንደጠፋበት ሰው ይሂድ። ዓይን መጨረሻ ይከደን... በስንት ዘመኔ አባቴ እጄን ይዘው አንድ ነገር ሲያስተምሩኝ! ምድጃው ላይ የተውነው የበቆሎ ገንፎ፣ ፖሌንታው፣ አረረ። ማናችንም አላስታወስነውም።

እኔ ወለሉ ላይ እያጣጣርኩ፣ አባባ «ቀስ እያልሽ ሙቺ፣ ማን አስቸኮለሽ» እያሉ... በሩ ተበረገደ። ታች ቤት ያሉት ሲኞራ ፓውታሶ ናቸው፣ ከኋላቸው ቄሱ ለሚሞት ሰው የሚቀባውን ቅባ ቅዱስ ይዘው። ጣራዬ ሲደበደብ ሰማሁ፣ ከዚያ «ሙቺ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ምን ልበል አሉ።

አባባ ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጄ የቢሮ ሥራዋን እያጠናች ነው አሉ።

ሲኞራ ፓውታሶ እኔን አዩ፣ ወለሉ ላይ ተዘርሬ፣ አንድ ዓይኔ ተከድኖ። «የኢንሹራንሱን?»

«የሕይወት ኢንሹራንስ ነው» አሉ አባባ።

ቄሱ ያረረውን ፖሌንታ በልተው ሄዱ። ጥሩ ሰው ናቸው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ትራም ውስጥ ሳሌን ተለማመድኩ። ከጉልበት። ወንበሩ በዙሪያዬ ባዶ ሆነ፤ አንዲት ሴትዮ አማተቡ። እንዴት ደስ አለኝ... ከዚያ ትኬት ቆራጩ አየኝና «እንዴ፣ ዛንዛሪና እኮ ናት» አለ። ትራሙ በሙሉ ሳቀ። ሴትዮዋም ሳቁ። እስከ ሥራ ቦታዬ እየሳሉ ሸኙኝ።

ሰው እኔን ሲያይ መሳቅ ለምዷል። በእውነት ብሞት ማን ያምነኛል?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 15

ስገባ ጠረጴዛው አስቀድሞ ግድግዳው ጥግ ደርሷል። ዛሬ እሳቸው አሳዩኝ። ሙሉውን፣ ከሳሉ እስከ መጨረሻው፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ጉንጉን ሥር ቆመው። ያ ሁሉ ዕድሜ ያላቸው ሰው ከገመድ ላይ እንደሚንሸራተት ሻሽ ወረዱ። ኮሽታ እንኳ አልነበረውም።

ከዚያ መነሳት አቃታቸው። ጉልበታቸው እምቢ አለ። «ብቻ ይደገም እንዳትይኝ» አሉ ከወለሉ ላይ። አቅፌ ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። ክብደት የላቸውም... መቼ ነው እንዲህ የቀለሉት?

ትንሽ ቆይተው፣ ጋዜጣቸውን እያዩ፣ ይሄ ነገር የት ነው የሚታየው አሉኝ። ሩሲያ አልኳቸው። ሩሲያማ ሩቅ ነው አሉ። አንድ ገጽ ገለጡ። «እዚህ አንድ ጊዜ ቢያሳዩት... ሞት ስለሆነ አየው ነበር።»

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 16

ቴዚዮን ለመንኩት። እሺ አለ። ወደ ኦዴሳ ከመሄዱ በፊት እሑድ ከሰዓት በኋላ እኛ ሠፈር ሲኒማ ቤት አንድ ጊዜ ይታያል።

አባባ ይመጣሉ። የሚመጡት ግን አንዴ ነው፤ ከተበላሸ ሁለተኛ እግራቸው ሲኒማ ቤት አይረግጥም። አውቃቸዋለሁ። እኔም ዕድሜ ልኬን ታይፒስት ሆኜ እቀራለሁ። አምላኬ፣ ሌላውን ጊዜ ሁሉ ልውደቅ፣ ይቺን ብቻ በወግ በማዕረግ ልሙት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 17

ደመና። አልሞትኩም። ፍየሏ ነከሰችኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 18

ሞትኩ!

ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ ነበረች። ፊቴን ነጭ ቀቡኝ፣ ከዓይኖቼ ሥር ጥቁረት። አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። ሳልኩ። ተነስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ያንገቴን መስቀል ሳምኩ። እጄ ወደ ልቤ መንገድ ጠፍቶበት ሄደ። ቀስ... ቀስ... አባባ እንዳሉት ወረድኩ። ሙሽራው አበባውን ይዞ ገባና ደረቴ ላይ ተደፍቶ የእውነቱን አለቀሰ።

ስንጨርስ አናጢዎቹ ቆባቸውን አውልቀው ነበር። ዶና ሊዮኒልዳ በር ላይ ቆማ ስታይ ነበር ለካ። «ለጀማሪ ምንም አይልም» ብላ ሄደች... ከእሷ አፍ ይሄ ሽልማት ነው። ፍየሏ እንኳ አልነከሰችኝም።

ጋውዴንዚዮ አፍንጫው እስኪቀላ አልቅሷል። በእንዲህ ያለ ሐዘን ላይ ማርሽ ከአፌ አልወጣ አለኝ ይላል። እናቱ ስትቀበር የተዘመረውን ነው ያዜመው። እየሞትኩ ሰምቼዋለሁ፤ ዝግ ያለ፣ አንጀት የሚበላ ዜማ። እንዴት ያለ ሰው ነው? ጉንጩን ሳምኩት። ነጭ ቀለሜ ፊቱ ላይ ቀረ፣ ቀኑን ሙሉም አልጠረገው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 22

ደመና። ትናንትም ደመና። አባባ ዛሬ «ቢሮ እንዴት ዋለ» አላሉም። ሳልሽ እንዴት ወጣ አሉ። ከጉልበት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 26

ፊልሙ ዛሬ ታጥቦ ደረሰ። በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቱ ወሰዱት፤ ቴዚዮም አላየው፣ እኔም አላየሁት።

አባባ ጥቁር ኮታቸውን ሲቦርሹ ዋሉ። ደረጃው ላይ ለሲኞራ ፓውታሶ ነገ ሲኒማ እንደሚሄዱ ነገሯቸው። ልጅዎን ሊያዩ ነው? አሏቸው ሴትዮዋ። «አንዲት ተዋናይት አለች» አሉ አባባ። «አሟሟቷ ጥሩ ነው ይባላል።»

በሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 27

መጻፍ አልቻልኩም። ነገ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ከመጀመሪያው ልጀምር። ፊት ለፊት አካባቢ ተቀመጥን። ሲኞራ ፓውታሶ ከነልጅ ልጆቻቸው ከኋላችን። አባባ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ፊታቸው የዳኛ ፊት። ፒያኖው ጀመረ። ሸራው ላይ እኔ... መሰላል፣ ዱቄት፣ ፍየል። ሰዉ ይስቃል። በዓይኔ ጠርዝ አባባን አያለሁ። ምንም። ጢማቸው እንኳ ንቅንቅ አላለም። ግድ የለም አልኩ በሆዴ፣ ሞቱ ይመጣል።

ሞቱ መጣ። እየሮጠ መጣ።

አልጋው ላይ ዘልዬ ተጋደምኩ። ሳሌ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ይመስላል። ወደ መስኮቱ ባቡር እንዳመለጠው ሰው በረርኩ። መስቀሌን ጎረስኩት እንጂ አልሳምኩትም። እጄ ልቤን አይፈልግም፣ ዝንብ ይመታል። ዱብ። ሙሽራው ተወርውሮ ገባ፣ ደረቴ ላይ ተደፋ፣ ጭንቅላቱ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ወጣ ገባ...

ወዲያው ገባኝ። ጋውዴንዚዮ! ያ የቀብር መዝሙር! ሐዘኑ እጁን አዘገየው፣ እጁ ሲዘገይ ደግሞ ሰው ሸራው ላይ... ራሱ እኮ ነው የነገረኝ። ከልቡ ስላዘነልኝ ገደለኝ።

አዳራሹ ተናወጠ። የሲኞራ ፓውታሶ የልጅ ልጅ ትን ብሎት ጀርባውን ደበደቡት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበር? አባባን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ከዚያ ወንበራችን ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ትከሻቸው ይዘላል። እያለቀሱ ነው፣ አዋረድኳቸው አልኩ። እንውጣ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። ባርኔጣውን አነሱት... እየሳቁ ነው። ትንፋሽ እስኪያጥራቸው፣ እንባቸው ጢማቸው ውስጥ እየገባ። አባቴ እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ጥርሶቻቸው ትንንሽ መሆናቸውን እንኳ አላውቅም ነበር።

መብራት በራ። አባባ ተነሱ፤ ጉልበታቸውም አልከለከላቸው። ያን የድሮ የመድረክ ድምፃቸውን፣ እስከ ላይኛው ሰገነት የሚደርሰውን፣ ከየት እንዳወጡት እንጃ።

«ይደገም!»

ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተቀበላቸው። ፊልሙን የሚያሳየው ሰውዬ መልሶ ጠቀለለው። እንደገና ሞትኩ። እንደገና ይደገም አሉ፣ አባባ ከሁሉም በላይ እየጮሁ። እኔም መሳቅ ጀመርኩ... ምን ላድርግ? ያስቃል እኮ።

ወደ ቤት በእግር ተመለስን። የዶራ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ አባባ ቆሙ።

«ከመሰላሉ ከመውደቅሽ በፊት ትንሽ ቆም አልሽ» አሉ። «ሰዉ ትንፋሹን እስኪይዝ። ያንን ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎታ። ከመሞትዎ በፊት ሁልጊዜ ትንሽ ቆም ይሉ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አይዎት ነበር።»

ከዚያ ክንዴን ያዙ፣ ቤት እስክንደርስም አልለቀቁኝ። አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

በራችን ላይ ጋውዴንዚዮ ቆሟል፣ አበባ ይዞ፣ እንደ ሙሽራው ዘግይቶ። ሥራዬን ለቅቄ ገጠር እገባለሁ፣ ገደልኩሽ ይላል። አባባ ቬርሙት ቀዱለት። የእናቱን መዝሙር እንዲያዜምላቸው ጠየቁት፤ ሰምተው ሲጨርሱ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ የዜማው ነው አሉ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 22

ሌቪትስኪ ከኦዴሳ ተመለሰ። ፊልሙ እንዳለ ነበር የተላከለት፤ ደመናው አልገለጥ ብሎ ደግመን ማንሳት አልቻልንም። ቴዚዮ ድምፁን ሲሰማ ጠረጴዛው ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው። ሰውዬው ግን አቅፎ ሳመው። ኦዴሳ አልቅሳለች! መሐረቡ ያልረጠበ ሰው የለም አለ።

እንዴት? ጠየቅን። የእኛ ሠፈሩ ማሽን በሞተር ይዞራል፣ የእነሱ ፊልም አሳይ ግን በእጁ ነው የሚያዞረው። መጨረሻው ላይ ሞት ሲመጣ ፒያኖው የቀብር ዜማ ይጀምራል፣ ሰውዬውም ከዜማው ጋር እጁን ያዘገያል። ሁልጊዜ እንዲያ ነው አሉ። የካሜራ እጅ ሲዘገይ ሰው ይሮጣል፤ የአሳዩ እጅ ሲዘገይ ግን ሰው ዝግ ይላል። ስለዚህ እዚያ ቀስ ብዬ ሞቻለሁ፣ ልክ አባባ እንዳስተማሩኝ። ጋውዴንዚዮ ይህን ሲሰማ ጮቤ ረገጠ።

ቴዚዮ ከፈለግሽ እንደ ሊዮኒልዳ ረጅም የሐዘን ፊልም እሰጥሻለሁ አለኝ። ባለፈው ወር ቢሆን እግሩን እስመው ነበር። አሁን ግን... ለአባባ ነገርኳቸው። ሐዘን ትፈልጊያለሽ? አሉኝ። አይ፣ መውደቅ ነው የምወደው አልኳቸው። ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነው።

«ደግ» አሉ። «ለዚህ ቤት አንድ ሟች ይበቃል።»

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ጠዋት ደረጃው ላይ ሲኞራ ፓውታሶን አገኘናቸው፣ ባልዲ ይዘው። ልጅዎ ቢሮ ልትሄድ ነው? አሉ እንደ ልማዳቸው፣ ዓይናቸው እየሳቀ።

«የምን ቢሮ?» አሉ አባባ። «ልጄ ዛንዛሪና ናት። ዛሬ ከድልድይ ላይ ትወድቃለች።»

ሲኞራ ፓውታሶ ባልዲውን አስቀመጡ። እኔ ደግሞ የደረጃውን ብረት ያዝኩ... በዚህ ሁሉ ዘመን ሳልወድቅ የቀረሁበት ቦታ ቢኖር ይሄ ደረጃ ነበር፣ ዛሬ እሱም ለጥቂት ተረፈ።

ወደ እኔ ዞሩ። «ከመውደቅሽ በፊት ቆም በይ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«እንደምታውቂ አውቃለሁ» አሉና ባርኔጣቸውን ደፉ። አብረን ወረድን። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ዛሬ ከፍየሏ ጋር ሊተዋወቁ ነው።